ያልቆጠርኳት ብሎን

እጄን 3 ጊዜ በሳሙና ታጥቤ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው፣ ድካም መስሎኝ ትንሽ ጋደም ብዬም ነበር አልሄደልኝም፣ አሁን ማታ ሁሉም ሲተኛ ነው ከየት እንደመጣ የገባኝ።

የአባዬን ሞተር ነው ዛሬ የከፈትኩት። ያቺን ባለ 3 ሲሊንደሯን፣ የጀልባዋን። ከሱ በኋላ ማንም አልነካትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ውሃ ላይ አውርደን አስነሳናት፣ ተነሳች፣ ግን ሚኒሞ ላይ ሆና፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጣት ቀስ ብላ ስትዞር፣ ማርሽ ስናስገባባት ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች፣ ነዳጅ ሲሰጣት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትሮጣለች። እንዲህ ስትሆን ብዙውን ጊዜ ትልቁ ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያለችው፣ ደህና ነው፣ የተደፈነው ቀጭኑ የሚኒሞ መንገድ ነው። ወንድሜ ካንዴላ፣ እሳት የምትሰጠዋን፣ እንቀይርና እንሞክር አለ። እኔ ግን እንደ አባዬ ከኮምፕረሽን፣ ሲሊንደሩ ከሚጨምቅበት ጉልበት፣ ጀመርኩ፣ እሱ ኮምፕረሽን ሳይለኩ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን፣ የሚፈቱ ሰዎችን አይወድም ነበር፣ ሲሊንደሩ ከተበላ ካርቡሬተሩን ወርቅ ብታደርገው ምን ይሰራልሃል ይል ነበር። ሦስቱም ተቀራራቢ ሰጡኝ። እሳትም አለ። በእጅ የምትጨመቀዋን የላስቲክ ፓምፕ ወንድሜ እየጨመቀ ሞከርናት፣ ያኔ ብትበረታ ጥፋቱን ከቤንዚን ፓምፑ ወይ ከቱቦው እፈልገው ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ 3ቱንም ካርቡሬተር መፍታት ግድ ሆነ።

የታች ጎድጓዳቸውን ስከፍት ወራት የተኛ ቤንዚን ምን እንደሚሆን አየሁ። ከስር እንደ ማር ወፍሮ ተጣብቋል፣ ሽታው ያረጀ የግድግዳ ቀለም ነው። ጄቶቹን በሽቦ ጎርጉር ጎርጉር ይላል ሰውን፣ ግን ቀዳዳዋ ትንሽ ከሰፋች የቤንዚኑ ልክ እስከመጨረሻው ተበላሸ ማለት ነው፣ ስለዚህ በማጠቢያው ዘፍዝፎ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት፣ ወደ ብርሃን አሻግሮ ማየት፣ ደግሞ መንፋት። ይሄን ስራ እወደዋለሁ። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም።

ከማጠቡ በፊት ግን የሚኒሞ ብሎኖቹን ማውጣት አለ። እያንዳንዱ ካርቡሬተር የራሱ አለው፣ በዚች ሞተር ላይ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሲጠብቅ ይቀንሳል። ከመፍታትህ በፊት ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው ታጠብቀዋለህ፣ ቀስ ብለህ ነው፣ ጫፉ መርፌ ስለሆነ በጉልበት ከገፋኸው ይጎዳል፣ እና ስንት ዙር እንደሄደ ትቆጥራለህ። የላይኛዋ 1 ዙር ተኩል፣ በእርሳስ እንጨቱ ላይ ጻፍኩ። የመሃለኛዋ 1 ተኩል ከትንሽ፣ ጻፍኩ። የታችኛዋን ካቻቪቴ አስገብቼ ስጀምር እትዬ ደወለች። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አወራኋት፣ ስለቤቱ ጉዳይ ነው፣ እጄ ደግሞ በራሱ ይሰራል፣ አጠበቀ፣ መልሶ ፈታ፣ ስልኩን ስዘጋ ብሎኗ ከነስፕሪንጓ መዳፌ ላይ ናት።

ለማንም ብነግረው ምን ችግር አለው ይለኛል። እውነት ነው፣ የሞተሯ መጽሐፍ ለ3ቱም ከ1 ዙር ተኩል ጀምር ነው የሚለው፣ የቀረውን ውሃ ላይ ሆነህ በጆሮህ ታስተካክላለህ። እኔም በቀን ይሄንኑ እያልኩ ነበር ስራዬን የቀጠልኩት።

ግን ያ ቁጥር የሱ ነበር።

አባዬ ሚኒሞ ሲያስተካክል ደረቅ መሬት ላይ ሞክሮ አያውቅም፣ ውሃ ውስጥ፣ ሞተሯ ሞቃ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ ውሃውን እየገፋ፣ ጭነት ሳይኖርባት የምትነግርህን አትመናት ይላል። የዙር 1/8ኛ ያዞርና ይጠብቃል። እኔ ልጅ ሆኜ መጠበቁ ነበር የሚገድለኝ። ዓይኑን ይጨፍናል። ሲያጠብቃት ሲያጠብቃት የሆነ ቦታ ላይ በካርቡሬተሩ አፍ ጵስ ትላለች፣ አስነጠሰች ይላል ያኔ፣ ቤንዚን አንሷታል። መልሶ ሲያላላት ደግሞ ድምጿ ይከብዳል፣ ጢሱ ይበዛል፣ ጠገበች ይላል። በሁለቱ መሃል ያለውን ፈልጎ ትንሽ ወደ ጥጋቡ ያደላላታል። ለምን ስለው በዚች ሞተር ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው፣ ቤንዚን ያነሳት ፒስተን ዘይትም አንሷታል፣ እያማረባት ነው የምትቃጠለው አለኝ። ካርቡሬተሩ ራሱ እንዴት እንደሚስብ ስጠይቀው ነፋስ መንገድ ሲጠብበት ይሮጣል፣ ሲሮጥ ያለውን ይዞ ይሄዳል ነበር መልሱ። በኋላ ትምህርት ቤት በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያሳተመውን ሲያስተምሩን አዲስ ነገር አልሆነብኝም፣ ጀልባ ላይ ሰምቼዋለሁ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ምን መሰላችሁ፣ እጄ አንድ ነገር ያስታውሳል። ያቺ የታችኛዋ ብዙ ሄዳለች። እትዬ እያወራች ካቻቪቴውን ደጋግሜ እየለቀቅኩ እንደያዝኩ ትዝ ይለኛል፣ ከ2 ዙር በላይ ይመስለኛል። ሁለቱን 1 ተኩል አካባቢ አድርጎ አንዷን ብቻ ከ2 በላይ የሚያላላ ሰው ምክንያት አለው። ምክንያቱ ከስር ያለው ፓራኦሊዮ፣ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ቀለበት፣ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ካረጀ የታችኛው ሲሊንደር ከካርቡሬተሩ ውጭ አየር ይስባል፣ ቤንዚኑ ያንስበታል፣ እና አባዬ ያንን ሰምቶ በብሎኗ ደጉሞላት ይሆናል። ይሄ ከሆነ ማናችንም ያልሰማነውን ብቻውን ሰምቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ሞተሯን ከእግሯ አላቆ ማንሳት ይጠይቃል።

ወይ ደግሞ አልሰማም ነበር። በመጨረሻው ዓመት ስንጠራው ይዘገይ አልነበር። ቲቪውን ሲያስጮኸው እናማርረው ነበር፣ ስልክ ላይ አዎ አዎ ብሎ የሚያልፈው ነገር ነበር፣ እትዬ ሐኪም ጋ ልውሰድህ ስትለው ይቆጣል። ያኔም ግን ጀልባው ላይ ብቻውን ወጥቶ ብሎኖቹን ሲነካካ ይውል ነበር። ማስነጠሷን ካልሰማ፣ ድምጿ መክበዱን ካልሰማ፣ እያላላ እያላላ ዝም ብሎ የጠበቀ ከሆነስ? እዛ ጀልባው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳስበው አልቻልኩም።

ካንዴላዋን አውጥቼ አየኋት፣ ጥቁር ናት፣ ቤንዚን በዝቶባታል ያሰኛል፣ ግን ባለፈው ሳምንት በተደፈነ ካርቡሬተር ስትንገላታ ስለነበር ቀለሟ አይታመንም። ቁጥሩ ቢኖረኝ ነገ ውሃ ላይ በራሴ ጆሮ የምትፈልገውን ፈልጌ ከሱ ጋር አስተያየው ነበር። አሁን እሷ 2 ዙር ብትፈልግም 1 ተኩል ብትፈልግም ስለሱ የምትነግረኝ ነገር የለም።

ሁለቱን እሱ በተወበት ቁጥር መልሻቸዋለሁ። የታችኛዋ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ከነስፕሪንጓ፣ አጠገቤ። ነገ ከመጽሐፉ ልጀምርላት ወይስ እጄ ካስታወሰው?