የአባዬ ሴንጢ ከየት መጣች?

አባዬ ካረፈ በኋላ ዕቃዎቹን የተካፈልነው ያለ ብዙ ወሬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰዓቱን ወሰደ። ታናሼ በዕቁብ የተገዛውን ትልቁን ሬዲዮ ወሰደ። እኔ ሴንጢዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

የምትታጠፍ፣ የእንጨት እጀታ ያላት፣ ስለቷ የጠቆረ ትንሽ ሴንጢ ናት። ብርቱካን የምንልጥባት፣ ሐብሐብ የምንቆርስባት፣ የእማዬ የስፌት ክር ሲወሳሰብ የምትጠራው እሷ ነበረች። አባዬ ለማንም እጅ በእጅ አይሰጣትም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣትና አንቺ ታነሻታለሽ። እጅ ለእጅ ከተቀባበሉባት ታጣላለች ባይ ነው። ስትመልሺም እንደዚያው። ከዚያ በጨርቅ ይጠርጋትና ጣቱን ዘይት ነክሮ ስለቷን ዳር እስከ ዳር ይቀባታል። ብርቱካን የነካ ስለት ሳይጠረግ ካደረ ነገ በጥቁር ነጠብጣብ ታገኚዋለሽ። እንደዛሬዎቹ የማይዝግ ብረት አይደለማ።

ከየት እንዳመጣት ግን የሚስማሙ ሁለት ሰዎች ቤታችን ውስጥ የሉም።

እማዬ እንደምትለው፣ አባዬ የሚሠራበት ክፍል አለቃ የነበረው፣ ሼፉ የሚሉት ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ የሰጠው ናት። አጎቴ በበኩሉ ነገሩን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ የአያታችን ናት፣ ጣሊያን ተባሮ ፈረንሳዮቹ ወደ ባቡሩ ሲመለሱ አንዱ ለአያታችን ሸለመው ይላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የራሱ አለው። ጅቡቲ ውስጥ ከሌጊዮን (የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር) ወታደር በአንድ ዙርባ ጫት የተለወጠች ናት። ይህችኛዋን ከየት እንደሰማት እንጃ፤ ሲያወራት ግን እዚያው የነበረ ነው የሚመስለው። አባዬን ሲጠይቁት መልሱ አጭር ነበር። «የሥራ ናት።» በቃ።

አባዬ የምድር ባቡር ሰው ነው። ድሬዳዋ፣ አቴልዬ በሚባለው የባቡሩ ጥገና ሥፍራ ውስጥ ዕድሜውን ጨረሰ። ለማያውቅ ሰው፣ ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን ከጅቡቲ ሲያመጡ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበዳቸው ከታች ሜዳው ላይ አስቀሩት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማውም ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ጠቅላላ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ እኛ ሰፈር ውስጥ ፈረንሳይኛ ለፈረንሳዮች ብቻ የተተወ ቋንቋ አልነበረም። አባዬ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ነው የሚሳደበው። ከስድቡ ውጭ የሚያውቀው የብሎንና የመፍቻ ስም ነው።

እናም ሴንጢዋ ከፈረንሳይ መምጣቷን ማንም አልተጠራጠረም። ጥያቄው መቼና በማን እጅ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ወጥቼ ስለቷን በአጉሊ መነጽር አየኋት። ድሮ ዝም ብሎ ጭረት የሚመስለኝ ነገር ለካ ሥዕል ነው። ወደ ላይ የተዘረጋች እጅ፣ ሁለት ጣት የታጠፈባት፣ ከበላይዋ ዘውድ። ከጎኗ ሦስት የላቲን ፊደላት ቀርተዋል። ሌሎቹን የአባዬ መሳያ ድንጋይ በልቷቸዋል። በዘውድና በእጅ ብትፈልጊ የምታገኚው ኦፒኔል የሚባለውን ሴንጢ ሠሪ ነው። ፈረንሳይ፣ ሳቮይ የሚባለው ተራራማ አገር። ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የመሣሪያ ሠሪ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 ለገበሬው ኪስ የሚሆን ቀላል ሴንጢ መሥራት ጀመረ። በ1897 ከ1 እስከ 12 በቁጥር የተለዩ መጠኖች አወጣ። እጅና ዘውዱን ምልክቱ ያደረገው በ1909 ነው።

የእጁ ነገር ነው ያስገረመኝ። እጁ የተወሰደው ከሴንት ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ ነው። የከተማው ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች አሉኝ ይላል። በትውፊታቸው መሠረት ጣቶቹን ቴክላ የምትባል ሴት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ ወስዳ እዚያ አደረሰቻቸው። ዘውዱ የሳቮይ መስፍንነት ነው። እንግዲህ አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ ሐብሐብ ሲቆርስበት የኖረው ስለት ላይ የቅዱስ ዮሐንስ እጅ ነበረች። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ቆየችና «መስከረም አንድ ይዘሻት ነይ» አለችኝ። ይዤላት ሄድኩ። ሳመቻት። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት እንዳይከተፍባት ከልክላለች።

ምልክቱ አገሯን እንጂ ዓመቱን አይነግርም። ዓመቱን የነገረኝ ቀለበቱ ነው። ስለቱ ከእጀታው የሚጋጠምበት ቦታ ላይ የምትሽከረከር የብረት ቀለበት አለች። ሴንጢውን ዘርግተሽ ቀለበቷን ስታዞሪያት ስለቱ ጣትሽ ላይ አይታጠፍም። ይህችን ቀለበት የዦዜፍ ልጅ ማርሴል ያመጣት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ኦፒኔል የምትሽከረከር ቀለበት የለውም። ጣሊያን ከአገራችን የወጣው በ1941። ይቅርታ አጎቴ፣ የአያታችን ነገር እዚህ ላይ አከተመ። ነግሬዋለሁ። «ቀለበቷን በኋላ ጨምረውባት ይሆናላ» አለ። አጎቴን በማስረጃ የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም።

በሌላ በኩል የአባዬ ቀለበት የምትቆልፈው ስለቱ ሲዘረጋ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የሚሠሩት ሲታጠፉም ይቆልፋሉ። ይህ ብዙም አልጠቀመኝም፤ በልጅነቴ የማውቃት ሴንጢ ናት። ዳርና ዳሩ ግን ተያዘ።

ስለቷን በማስመሪያ ለካሁ። ከ8 ሴንቲሜትር እምብዛም አትዘልም። ቁጥር 8 ስለቱ ስምንት ተኩል ነው፤ ቁጥር 9 ደግሞ ዘጠኝ። ስንቱን ድንጋይ እንደበላው አላውቅም፤ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጫፏ እንደ ወስፌ ቀጥኗል። ቀለበቷ ላይ ካየሽ ከአንድ ወገን አውራ ጣት ያለሰለሳት ቦታ አለ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት፤ ለእኔ ትንሽ ይሰፋኛል።

እጀታው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። የኦፒኔል የተለመደው እጀታ ቢች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ መልኩም አንድ ወጥ ነው። የአባዬ ግን ቡናማ ነው፣ ጥቁር ጅራፍ ጅራፍ አለበት። ስለቱን የያዘችው ሚስማርም ብረት አይደለችም። ቢጫ ናት፣ ጭንቅላቷ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ አይወጣም። እማዬ እጀታውን በጨርቅ ፈተግ ፈተግ አደረገችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «ወይራ ነው» አለች። የወተት ዕቃ ሲያጥን የኖረ አፍንጫ አይሳሳትም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። የአባዬ የሥራ ጓደኛ፣ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ። ከዚራ ሰፈር ይኖራሉ። ከሰዓት ሄድኩ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል። ግቢያቸው ውስጥ የኒም ዛፍ ሥር ሽርጣቸውን አገልድመው ተቀምጠዋል። ከሰላምታ በኋላ ሴንጢዋን አወጣሁና፣ እንዳስለመደኝ፣ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት።

አዩዋት። አንስተው ዘረጓት። ቀለበቷን በአውራ ጣት ገፋ አደረጓት፤ ቀ የምትል ድምፅ ሰጠች።

«እጀታዋ የኔ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው የነገሩኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

አባዬ አንድ ቀን የቀለም ቆርቆሮ ክዳን በሴንጢዋ ሊከፍት ሲታገል እጀታዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። «አባትሽ እንባው ነው የመጣው፣ ወላሂ!» ለመዶሻ እጀታ ከደንገጎ በኩል የመጣ የደረቀ ወይራ አቴልዬው ውስጥ ነበር። ከሱ ቁራጭ ቆርጠው ቶርኖው ላይ አሰሩና አሾሩት። ከባዱ ስለቱ ገብቶ የሚያርፍበት ስንጥቅ ነው። አንድ የሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ይጠበዋል። ስለዚህ ሁለት ምላጭ አንድ ላይ አጣምረው ሰጌቶው ላይ ወጠሩና በዚያ ሰነጠቁት። ብረቷ ሚስማር ስትወጣ ተጣማ ነበርና ከነሐስ መበየጃ ዘንግ ቁራጭ አስገብተው ቀጠቀጡባት። ጭንቅላቷ ለምን ወደ ጎን እንደሄደ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ሼፉ እየመጣ ነው ተባልን። ተጣደፍኩ። የድርጅት ቶርኖ ላይ የኪስ ሴንጢ ስትሠሪ ብትያዢ ደሞዝሽ ይቆረጣላ!»

«ፈረንሳዊው ሼፍ ነው የሰጠው ይባላል እኮ ጋሼ።»

«ማን? እሱ ሰው ለሰው የሚሰጥ ነበር እንዴ!» አሉ። ግን ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ሼፉ እንደዚህችው ያለ ሴንጢ ነበረችው። ምሳ ሰዓት ላይ ከኪሱ ያወጣና ዳቦና ፎርማጆ በሷ ይቆርሳል። ሲጨርስ ሱሪው ላይ ይጠርጋትና ቀጭ አድርጎ ያጥፋታል። አባዬ ከሩቅ ሆኖ ያያል። «ቀናባት። ወሬው ሁሉ ሴንጢ ሆነ። ጅቡቲ ስንሄድ ዓይኑ ሌላ ነገር አላይ አለ።»

ጅቡቲ የሄዱት ሁለቱ አብረው ነው። መስመሩ ሳይቆረጥ በፊት፤ ማለትም በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ከመፍረሳቸው ቀደም ብሎ። ጅቡቲ ያኔ ገና የፈረንሳይ ናት። የባቡር ሠራተኛ ሌሴ ፓሴውን (የይለፍ ወረቀቱን) ይዞ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ፣ በደወሌ አድርጎ ይወርዳል። የሄዱበት ዋና ጉዳይ ሬዲዮ ነው። ድሬ ላይ ከሚጠየቀው ዋጋ እዚያ ይረክሳል ተብሎ። ፕላስ ራምቦ ላይ፣ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ፣ የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበር። ሬዲዮኑን ከዚያ ገዙ። አባዬ ሊወጣ ሲል ካርቶን ላይ በክር የታሰሩ ሴንጢዎች ተሰቅለው አየ። ከትንሽ እስከ ትልቅ በሰልፍ። በእጁ የቀረችው ፍራንክ ትንሽ ናት። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ተከራከረ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጓደኛው ባቡር ሊያመልጠን ነው እያለ ይጎትተዋል። መጨረሻ ላይ የመናዊው ሰልችቶት ሸጠለት።

ሌጊዮንም የለ፣ ጫትም የለ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ታሪክ ይሄኛው ደስ ብሎኛል። በሽልማት ከመጣች ሴንጢ ይልቅ ተመኝቶ፣ ተከራክሮ፣ በመልስ ፍራንክ የገዛት ሴንጢ የበለጠ አባዬን ትመስላለች። «የሥራ ናት» ያለውም ቢሆን ውሸት አይደለም። ግማሿ አቴልዬ ውስጥ ነው የተሠራችው።

ማታ ቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ራት እያቀረበች ነበር። የእጀታውን ስትሰማ ሳቀች። የሼፉን ስትሰማ እንዲያውም ሰውየውን አስታወሰችው። ጅቡቲ ላይ ስደርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጅቡቲ ነው ያሉሽ?»

«አዎ።»

«አይሻ ሐዲድ ልጠግን ሄድኩ ብሎኝ የሰነበተው እኮ ነው!»

ነገሩን ላበርድ ብዬ፣ ሴንጢዋ በመልስ ገንዘብ የተገዛች ትንሽ ነገር ናት፣ ዋናው ሬዲዮኑ ነበር አልኳት። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር።

«ሬዲዮኑ!» አለች። «ከዕቁብ ወጥቶልኝ ድሬ ላይ ገዛሁት ነው ያለኝ። የዕቁቡን ብር ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ድሬ የሚሸጥበትንም ዋጋ አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ተመለሺና ስንት እንደገዙት ጠይቂልኝ፣ የተረፈው የት ገባ?»