ደመና እስኪመጣ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋለው። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ጀምሬ የተውኩት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ። ማታ ላይ ስጨቀጨቅበት የከረምኩትን ሥራ ልሠራ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬን ማጽዳት። ግማሽ የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ሦስት ቦታ የተቀመጠ አንድ ፎቶ፣ «በኋላ አነበዋለሁ» ብዬ የረሳሁት ጽሑፍ። አንዱን ስሰርዝ፣ አንዱን ሳነብ፣ «የሚጠበቁ» የሚል ፎልደር ላይ ደረስኩ። ከፈትኩት። ጽዳቱ እዚያው ላይ አበቃ።

ያው አልወጣ ያለው የፊልም ሠሪው የፒተር ጃክሰን ፊልም ነው። ስንት ጊዜ እንደተነጫነጭኩበት ታውቃላችሁና ዛሬ አላሰለቻችሁም። እሺ፣ ትንሽ አሰለቻችኋለሁ።

ወሬው የመጣው በ2006 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የ1955ቱ «ዘ ዳም በስተርስ» እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ተባለ። ፕሮዲውሰሩ ጃክሰን፣ ዳይሬክተሩ ክርስቲያን ሪቨርስ፣ ስክሪፕቱን የሚጽፈው ስቲቨን ፍራይ። እኔም ቢበዛ ሁለት ሦስት ዓመት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቁመታቸው ከእውነተኛው የማያንስ የላንካስተር ቦምብ ጣይ ቅጂዎች ሳይቀሩ ተሠሩ። ከዚያ ጃክሰን «ዘ ሆቢት» ውስጥ ገባ። ሆቢቱም አንድ ፊልም አልበቃው ብሎ ሦስት ሆነ። ሰውዬው ሲጠየቅ ሐሳቡን እንዳልተወ ይናገር ነበር። ፊልሙ ግን የለም።

ታሪኩ ደግሞ እንዴት ያለ ታሪክ መሰላችሁ። በሜይ 1943፣ አንድ ሌሊት፣ 19 ላንካስተሮች 133 ሰው ይዘው ከእንግሊዝ ተነሡ። የጀርመንን ግድቦች ሊሰብሩ ነው። የያዙት ቦምብ ውሃ ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድቡን የሚመታ ነው። እንዲነጥር ግን አውሮፕላኑ ከውሃው 18 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መብረር አለበት። ያውም በጨለማ። እዚያ ዝቅታ ላይ የከፍታ መለኪያው አይታመንም። ታዲያ ምን አደረጉ? ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሁለት መብራት ገጠሙ። ሁለቱ መብራቶች ውሃው ላይ የሚጥሏቸው ክቦች ሲነካኩ ከፍታው ልክ ነው ማለት ነው። አንዱ በመስኮት ቁልቁል እያየ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ» ይላል፤ አብራሪው ይታዘዛል። የግድቡ ተኳሾች ደግሞ ያንኑ መብራት እያዩ ይተኩሳሉ። ስምንት አውሮፕላኖች አልተመለሱም። ከበራሪዎቹ 53 ሞቱ። ከተሰበሩት ግድቦች የወጣው ጎርፍም ከ1,000 በላይ ሰው ገደለ። ከእነዚያም ብዙዎቹ በግዳጅ ለሥራ የተጋዙ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ። አዲሱ ፊልም ቢሠራ ይህን እንዴት ያሳየው ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ።

የሚያስቀኝ ግን ውሻው ነው። የበራሪዎቹ አዛዥ ጋይ ጊብሰን ጥቁር ውሻ ነበረው። ስሙ ዛሬ በአደባባይ የማይጠራ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ነው። እንግዲህ ዝም ብሎ ውሻውን ከስክሪፕቱ ማውጣት ነበር፣ አይደል? አይቻልም። አንደኛው ግድብ ሲሰበር በሬዲዮ የተላለፈው የምሥጢር ቃል ያው የውሻው ስም ነው። ስሙ «ዲገር» ተብሎ ይቀየራል ሲባል ዓለም ተንጫጫ። ፊልሙ አንድም ቀን አልተቀረጸም፤ ስለ ውሻው ግን ሰው ተጣላ።

ለማንኛውም፣ ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም። ስለ ምን ነበር? ተውት። ፎልደሩን ሳይ አንድ ነገር መጣብኝና ሌላው ሁሉ ጠፋ። የአየር ጦርነት ፊልም ለምንድን ነው እንዲህ የሚጎተተው?

የምድር ጦርነት ሲሆን ሜዳ ትከራያለህ፣ ጭስ ትለቃለህ፣ ዩኒፎርም ታሰፋለህ፣ አለቀ። (አላለቀም፣ አውቃለሁ። ግን ገብቷችኋል።) አየር ላይ ሲሆን አውሮፕላን የግድ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ የለም። ከ7,000 በላይ ላንካስተር ተሠርቶ ዛሬ መብረር የሚችለው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እንግሊዝ፣ አንዱ ካናዳ። በዚህ ላይ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌን ለቀረጻ ብሎ እንደፈለጉ ማዞር አይቻልም፤ ኢንሹራንስ የሚሰጠውም ሰው ሁለቴ ያስባል። «ሜምፊስ ቤል» ሲቀረጽ፣ በ1989፣ ከስንት ቦታ ተለቃቅመው ከመጡት ቢ-17 ቦምብ ጣዮች አንዱ ሊነሳ ሲል ተከስክሶ ተቃጠለ። ሰው ተረፈ። አውሮፕላኑ ግን ሄደ፤ ያለን ላይ አንድ ተቀነሰ።

የ1969ኙ «ባትል ኦፍ ብሪቴን» ለዚህ ነው ሁሌ የሚገርመኝ። ገንዘቡን እሰጣለሁ ያለው የእንግሊዙ ፊልም ኩባንያ ራንክ መንገድ ላይ ጥሏቸው ወጣ። በኋላ የአሜሪካው ዩናይትድ አርቲስትስ ገባ። ሃሚሽ ማሃዲ የሚባል የቀድሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን አውሮፕላን ፈላጊ ሆነ። በየጦር ሰፈሩ በር ላይ እንደ ሐውልት የተተከሉ ስፒትፋየር የሚባሉ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ተነቀሉ። የጀርመን አውሮፕላኖቹስ ከየት ይምጡ? ከስፔን። የስፔን አየር ኃይል እዚያው አገሩ የተሠሩትን ሄንክሎችና ሜሰርሽሚቶች ገና ጡረታ እያወጣ ነበርና ለጥቂት ደረሱባቸው። ጥቂት ዓመት ቢዘገዩ የሚጠብቃቸው ቁርጥራጭ ብረት ነበር። ደግሞ ጉዱ፣ እነዚህ የስፔን «ጀርመኖች» ሞተራቸው የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ሜርሊን ነው። ስፒትፋየሩም ሜርሊን፣ የሚያሳድደውም ሜርሊን! ፊልሙ ያን ሁሉ ተለፍቶበት ሲወጣ ወጪውን አልመለሰም። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ያያል፣ ያስታውሳል፣ ለሚቀጥለው «እናስብበት» ይላል።

የአውሮፕላኑ ጣጣ ቢያልቅ እንኳ ሰማይ አለ። ይሄኛው ነው ከሁሉም ደስ የሚለኝ። «ዊንግስ» በ1926 ቴክሳስ ላይ ሲቀረጽ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዌልማን ነበር፤ ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረረ። የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ሰጥቶታል፣ ወታደር ሰጥቶታል። ሁሉም ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይ ፏ ብላለች። ዌልማን «ዛሬ አንቀርጽም» አለ። ነገም አልቀረጸም። ስቱዲዮው አበደ። ሰውዬው የሚጠብቀው ደመና ነው! ነገሩ ቀላል ነው። ባዶ ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን የቆመ ይመስላል። ፍጥነቱ የሚታወቀው አጠገቡ የሚያልፍ ነገር ሲኖር ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከደመና ሌላ የሚያልፍ የለም። እንግዲህ ሂሳብ ለሚሠራው ሰው ይህን አስረዱት። «በጀቱ የት ሄደ?» «ደመና ስንጠብቅ።»

ሃዋርድ ሂዩዝ የሚያስረዳው አልነበረውም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። አባቱ ከጉድጓድ መቆፈሪያ መሣሪያ የሠራውን ሀብት ይዞ በ1927 «ሄልስ ኤንጅልስ»ን ጀመረ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ። እሱም ደመና አጣ፤ አውሮፕላኖቹን ይዞ ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ጠበቀ። ፊልሙ አለቀ ሲባል ዓለም ድምፅ ወዳለው ሲኒማ ዞረ። የሂዩዝ ፊልም ድምፅ የለውም። ዋና ተዋናይዋ ደግሞ ኖርዌያዊት ናት፤ አነጋገሯ ለእንግሊዛዊት ገጸ ባሕርይ አልሆነም። ሂዩዝ ጂን ሃርሎን አምጥቶ እንደገና ቀረጸ። ፊልሙ የወጣው በ1930 ነው።

እዚህ ላይ ሳቄ ይቆማል። ለዚያ ፊልም ሰዎች ሞተዋል። አንድ ትልቅ ቦምብ ጣይ እየተሽከረከረ ሲወድቅ መታየት ነበረበት። አንድ መካኒክ ወደ ኋላ ተቀምጦ ጭስ ይለቃል። አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ሲወጣ አብራሪው በፓራሹት ዘለለ። መካኒኩ አልዘለለም። ጭሱን እየለቀቀ ሳለ አልሰማ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ሂዩዝ ራሱም በዚያው ቀረጻ ተከስክሶ ክፉኛ ተጎድቷል። እሱ ግን የመረጠው ነገር ነው።

ይህን ያጫወትኩት የእህቴ ልጅ ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ኮምፒውተር አለ አይደል እንዴ?»

አለ። የ«ስታር ዎርስ» ሠሪ ጆርጅ ሉካስም ነበረው፤ ያውም የዓለምን ምርጥ። ሉካስ ስለ ተስኪጊ በራሪዎች፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ ተለይቶ በሚኖርበት ዘመን ስለተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች፣ ፊልም ልሥራ ብሎ ማሰብ የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። «ሬድ ቴይልስ» የወጣው በ2012። ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ነበር? ራሱ በቴሌቪዥን እንደተናገረው፣ ስቱዲዮዎቹ ተዋናዮቹ ሁሉ ጥቁር የሆኑበትን ፊልም እንዴት እንደምንሸጠው አናውቅም አሉት። ሉካስን ያህል ሰው! በመጨረሻ 58 ሚሊዮን ዶላር ከራሱ ኪስ አወጣ፤ ለማሰራጫውም ሌላ ጨመረ። አብራሪዎቹ በጦርነቱ ጊዜ «አትችሉም» ተባሉ፤ ፊልማቸው ደግሞ «አይሸጥም» ተባለ።

ፊልሙ ጥሩ ነው እንዳልላችሁ ግን ሆዴ አይችልም። አውሮፕላኖቹ ክብደት የላቸውም። ይታጠፋሉ፣ ይገለበጣሉ፣ የሚጎትታቸው ምድር ያለ አይመስልም። ንግግሩም ደረቅ ነው። ከ20 ዓመት በላይ መጠበቅ ፊልምን አያበስለውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሳላውቀው የሚያበስለው ይመስለኝ ነበር።

ስለ አሜሪካ ቦምብ ጣዮች የተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ «ማስተርስ ኦፍ ዘ ኤር»ም እንደዚያው ነው። ኤችቢኦ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋ ዓመታት ተቀመጠ፤ በ2019 አፕል ወሰደው፤ በ2021፣ በኮቪድ መሐል ተቀረጸ፤ እኛ ያየነው በጃንዋሪ 2024 ነው። ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደፈጀ ተዘግቧል። የቦምብ ጣዮቹን ጉዳይ ያስፈጸመው በመጨረሻ ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ ሆነ። ወደድኩት፣ አልዋሽም። ከብርዱ የተነሳ ሰውየው እጁን ብረት ላይ አጣብቆ ሲጮህ አብሬው ጮኼያለሁ። ሰማዩ የኮምፒውተር መሆኑን ግን ዓይኔ ያውቃል።

ወደ ጃክሰን ልመለስ። ፊልሙ ሲታወጅ በዚያ ሌሊት ከበረሩት ሰዎች በሕይወት ያሉ ነበሩ። የመጨረሻው አብራሪ ሌስ ሙንሮ በ2015 ሞተ። ከሁሉም የመጨረሻው፣ ቦምብ አነጣጣሪው ጆኒ ጆንሰን፣ በ2022 በ101 ዓመቱ። አሁን ፊልሙን አይቶ «እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው የለም። ለአንዳንዱ ፕሮዲውሰር ይህ እፎይታ ይሆናል። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው የሚመስለኝ። ታዲያ አሁን ለማን ነው የሚሠራው? ለእኔ?

ለእኔ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አውሮፕላን ስሳፈር የክንፍ አጠገብ ወንበር አልወድም፤ ሲንገጫገጭ እጀታውን ጨብጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ባለፈው አብሮኝ የነበረው ሰው አስተናጋጇን ጠርቶ ውሃ አስመጥቶልኛል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ተኝቶ ፊልም እያየ «እውነተኛ አውሮፕላን ካልበረረ አይቆጠርም» የሚለው። ያ መካኒክ ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር?

ነገ ተነስተው «ፊልሙ ተሠርቷል፣ ሁሉም በኮምፒውተር ነው፣ የማንም ጣት አልተቆረጠም» ቢሉኝ ደስ ይለኝ ይሆን? በመጀመሪያው ቀን እንደማየው ግን አልጠራጠርም። በማግስቱ ስለ ደመናው ስነጫነጭ እዚሁ ታነቡኛላችሁ።