እሺ ያለው ለእኔ ነው

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህር ሆኜ እሠራለሁ። ልጆች ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል፤ ይበሉበታል፣ ይተኙበታል። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ደግሞ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚይዝ እዚያው ያጠናሉ። ከክፍላችን ቀጥሎ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል አለች። ልጆቹ «የጨዋታ ክፍል» ይሏታል።

አንድ የአራት ዓመት ልጅ አለን። ወላጆቹ ሀበሾች ናቸው። ክፍል ውስጥ ቁጥብ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲሆን ግን ወሬው አያልቅም። አንድ ጠዋት ወለሉ ላይ ተቀምጦ በእንጨት ብሎክ ሲገነባ ተመራማሪዋ መጣች። ልጆቹ ያውቋታል። ጥናቷን ሳትጀምር ሁለት ሳምንት ሙሉ አብራቸው አሸዋ ስትዝቅ ሰንብታለች። ጎንበስ ብላ «ከእኔ ጋር አንድ ጨዋታ መጫወት ትፈልጋለህ?» አለችው።

ልጁ ዝም። ቀና ብሎ አየኝ።

እኔም ፈጠን ብዬ «ሂድ እንጂ የኔ ጌታ! እሺ በላት፣ ጎበዝ!» አልኩት። «እሺ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ። ተነሥቶ ተከተላት።

ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲጠራ «አቤት»፣ ሲልክ «እሺ» በሚባልበት ቤት ነው። እናቱም በጥናቱ እንዲሳተፍ የፈቃድ ፎርሙን ፈርማለች። የኛ ልጅ ተጠርቶ ሲያንገራግር ሰው እንዲያየው አልፈለግሁም።

በመስታወቱ በኩል አየሁት። ሥዕል ስታሳየው በግራ ጣቱ ይጠቁማል። ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ነው። ውስጡ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ብሎክ አለ፤ ይዞት ነው የገባው። ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ ጨብጦታል። ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመራማሪዋ ሥዕሎቹን ሰበሰበች። «ዛሬ ይበቃናል፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቅድም ምን ብለሽው ነበር?» ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እሺ ያለው ለአንቺ ነው፤ ለእኔ አይደለም» አለችኝ። የዚያን ቀን መልሶቹን ከጥናቱ አወጣቻቸው።

አሜሪካ ውስጥ ልጆች ስለሚሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የፌደራል ደንብ አለ። የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ነገሩ ሊገባው የሚችል ልጅ ራሱም መስማማት አለበት። ልጁ «እምቢ» አለማለቱ ብቻ ደግሞ እንደ እሺታ አይቆጠርም። ይህን በሥልጠና ጊዜ አንብቤ ፈርሜበታለሁ። ማንበብ ሌላ፣ ያንን የተጨበጠ እጅ ማየት ሌላ።

እንደኛው ጥናት ከሚካሄድባቸው መዋዕለ ሕፃናት በጣም ከሚታወቁት አንዱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 የተከፈተው ቢንግ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዋልተር ሚሼል የማርሽማሎው ጥናት የተሠራው እዚያ ነው፤ አጥኚው ወጥቶ እስኪመለስ አንዱን ማርሽማሎው (ለስላሳ ጣፋጭ ነው) ሳትበላ ከጠበቅህ ሁለት ታገኛለህ የሚለው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማርሽማሎው ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ደወሉ ነው። መጠበቅ ያቃተው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ደወል ሲመታ አጥኚው ወዲያው ይመለሳል። ደወሉ የእውነት እንደሚሠራ ልጁ አስቀድሞ እንዲያይም ያለማምዱት ነበር። የኛ ልጅ ደወሉ ዓይኑ ነበር። ደወለልኝ፤ እኔ ግን አልመጣሁለትም።

ከምሳ በኋላ ፍራሹ አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅሁት። «ጠዋት መሄድ አልፈለግህም ነበር እንዴ?»

«መኪናዬን ዝናብ ይመታታል» አለኝ።

ጋራዥ እየሠራ ነበር ለካ። የጨበጠው ብሎክ ጣሪያው ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከልቤ ነው የጠየቅሁት፤ እሱም ገብቶት አንገቱን ነቀነቀ።

ማታ ልትወስደው ለመጣችው እናቱ ነገርኳት። «ኧረ እህቴ፣ እኔ ፈርሜ የለም እንዴ? ምናለ ትንሽ ብትገፊው!» አለች። ልጇ በሰው ፊት ጨዋ እንዲባልላት ፈልጋ ነው፤ ይገባኛል። «ነገ አንድ ትልቅ ሰው የማይሆን ነገር አድርግ ቢለውስ? እምቢ ማለትን ከእኔና ከአንቺ ጋር ካልተለማመደው የት ይለማመደዋል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ተንበርክካ የጃኬቱን ዚፕ እየዘጋችለት «እሱስ እውነትሽን ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲጠራ ዞሮ ካየኝ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ብዬ አፌን እይዛለሁ። ዝምታው ሲረዝም ይከብዳል፤ በተለይ ተመራማሪዋ ቆማ ስትጠብቅ። ቢሆንም እጠብቃለሁ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። «አልሄድም፤ ጣሪያ አልሠራሁም» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። «እሺ» ብላ ወጣች። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ብቅ አለች። ይህን ጊዜ ወደ እኔ አልዞረም። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ብሎክ ቀስ አድርጎ አናቱ ላይ አስቀመጠ። መኪናዋን ወደ ውስጥ ገፋት። እጁን በሱሪው ጠራርጎ ቀድሟት ወደ ጨዋታ ክፍሉ ሄደ።