ቅቤና 90 ሰከንድ

ዛሬ ለንደን ውስጥ ሐኪም ቤት ነበርኩ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል፣ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ ካለብኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በየዓመቱ የምጠላት አንዲት ፈተና አለች። ዘጠኝ ምልክቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 9 ቁጥር፤ በ90 ሰከንድ የቻልሽውን ያህል አዛምጂ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ እስኪደርስ ግን ሰዓቱ ይነጉዳል። በሽታው እግር ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም ያንቀራፍፋል።

ቀጥሎ የደም ምርመራ፦ ኤልዲኤሌ፣ ማለትም "መጥፎ" የሚባለው የደም ቅባቴ፣ ከፍ ብሏል። "ምን አገናኘው?" አልኩ። የደም ቅባታቸው ከፍ ያለ ታማሚዎች ላይ በሽታው ሲብስ፣ የማሰብ ፍጥነትም ሲቀንስ ያዩ ጥናቶች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ግን አይደለም አለችኝ ሐኪሟ። ስታቲን የሚባለውን የደም ቅባት መቀነሻ ኪኒን ውጬ ጭንቅላቴ ሊፈጥን ነው ብዬ ጓጉቼ ነበር (ስስቴ!)። እዚሁ እንግሊዝ በሽታው በገፋባቸው ሰዎች ላይ ሲምቫስታቲን የተባለው የስታቲን ዓይነት ተሞክሮ፣ የ2024ቱ ውጤት የአካል ጉዳቱን እንዳላዘገየ አሳይቷል። ለልብ ግን ይጠቅማል።

የሚገርመው፣ በሽታው የሚያጠቃው የነርቭ ሽፋን፣ ማይሊን፣ ራሱ አብዛኛው ቅባት ነው።

ማታ እማዬ ደወለች። "ቅቤ ቀንሺ ተባልኩ" አልኳት።

"ቅቤ እኮ ለጭንቅላት ነው ልጄ! መብላቱን ከከለከሉሽ አናትሽን ተቀቢው።"