ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሎጄን ሁለቴ የሠራሁበት ምክንያት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አራት ክፍል ያላት ትንሽ ሎጅ አለችኝ። የአሁኗ ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋን ውሃ ወሰዳት።

ስጀምር የፈለግሁት እንግዳዬ ከአልጋው ሳይወርድ ሐይቁን እንዲያይ ነበር። መሬቱን በሰኔ ለካሁ። ከውሃው አሥራ ሁለት እርምጃ ርቄ የሲሚንቶ መሠረት ጣልኩ። የተሳሳትኩት በወሩ ነው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሳይበረታ ነው፤ ሞልቶ የሚታየው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደግሞም መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን፣ ሰማይም የሰጠውን ይዞ ይቀመጣል። ዝናቡ ዓመት ከዓመት ተከታትሎ ከበረታ ዳርቻው ወደ ሰው ይመጣል።

በሦስተኛው ዓመት መጣ። ቀድሞ የሞላው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነበር። ክፍሎቹ ገና ደረቅ ሳሉ ቆሻሻው ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። ያ ከሐይቁ ጋር ሲቀላቀል ማየት ከገንዘቡ ኪሳራ በላይ አመመኝ። ሰው ቆሮሶ ዓሣ አጥምዶ የሚበላው እዚያው ነው።

ብዙዎች ውሃውን የሚገታ ግንብ ሥራ አሉኝ። ከመወሰኔ በፊት አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ወርጄ አንድ አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?»

አብረውኝ መጡ። ግቢዬን አቋርጠው፣ ከኋላ አጥሩ አጠገብ ካለችው ሾላ ሥር ቆሙ። «በ1990 ታንኳችንን ያሰርነው እዚህች ላይ ነው፣ ልጄ።»

የኤልኒኖው ዓመት ነው። ዝናቡ በጥቅምትና በኅዳር ጭምር ወርዶ ሐይቁ ወደ ከተማው የገፋበት። ስለ ግንቡም ሳማክራቸው መሬቱን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። «ከታች ነው የሚመጣብህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሽንት ቤቴ የሞላው እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛዋን ስሠራ ከሾላዋ ወደ ላይ ለካሁ። ክፍሎቹ በእንጨት ቋሚ ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለዋል። ግድግዳቸው ከሲዳማ ደጋ የመጣ ቀርከሃ ነው። በብሎን ስለተያያዙ ተፈተው ይነሳሉ። ሽንት ቤቱ ከሁሉም ኋላ፣ ከፍታው ላይ ነው። ሎጅ የሚያስብ ሰው ይህን ከአልጋና ከመስኮት በፊት ይወስን። የጀልባ መሳፈሪያው በባዶ በርሜሎች ላይ ይንሳፈፋል፤ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ፊት ለፊቱን ለቄጠማው ተውኩለት። ያኔ እይታ ይጋርዳል ብዬ አሳጭጄው ነበር። አሁን ማዕበሉን ይሰብርልኛል፣ አፈሩን ይይዛል። ወፎቹም ተመለሱ። ዛሬ ብዙ እንግዶች ማለዳ የሚነሱት ለእነሱ ብለው ነው።

ሁሉን በግቢዬ መመለስ አልችልም። ከላይ ጨለለቃ ረግረጉ እየደረቀ የሚወርደው ደለል ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የአየር ጠባዩም እንደ ድሮው አይደለም። አቢጃታ ሐይቅ ከዳርቻው ሸሽቷል፤ ኬንያ ባሪንጎ ላይ ደግሞ ሐይቁ ሎጆችን ውጧል። ስለዚህ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ለሚሄድ ውሃ ነው የምሠራው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በድንጋይ ግንብ ሊጀምር መሆኑን ነገረኝ። ቅዳሜ ጋሼን ይዤለት እሄዳለሁ።