ሦስት ወር ከጭቃ ጋር

ባለፈው ስለ ሸክላ ሥራ ትምህርቴ «ልተወው ነው መሰለኝ» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር አይደል? አልተውኩም። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ኩባያዬ ከእሳት በሰላም ወጣች። ትንሽ ዘመም ብላለች፣ ግን ራሷን ችላ ትቆማለች።

ለአዲሶች፦ ዓይኔ መሃል መሃሉን አያይም፣ የቀረኝ ዳር ዳሩ ነው። በፊት በእርሳስ እስል ነበር። መስመሩ ሲጠፋብኝ እርሳሱን ወርውሬ 2 ዓመት ምንም ሳልነካ ቆየሁ። ወደ ጭቃ የመጣሁት ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ ካነበብኩ በኋላ ነው። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ሰምና ጭቃ ወደመቅረጽ አዘነበለ፣ በፈረንጆቹ 1917 ሲሞት ስቱዲዮው ውስጥ 150 ገደማ ቅርጻ ቅርጾች ተገኙ። በሕይወቱ ለሕዝብ ያሳየው አንዱን ብቻ ነው። ለማንም የማላሳየውን ነገር መሥራት እንደሚቻል ያኔ ገባኝ።

አሁን ስለ ውድቀቴ። የመጀመሪያዋ ኩባያ ምድጃ ውስጥ ፈነዳች። ታቿ ወፍራም ስለነበር ውስጡ አልደረቀም፣ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ በታተናት። ሁለተኛዋ እጀታዋ ወደቀ። ኩባያው ሊደርቅ ሲል ነው እርጥብ እጀታ የለጠፍኩበት፤ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርጥቡ ደግሞ ይበልጥ ስለሚኮማተር ራሱን ገንጥሎ ወጣ። አሁን ሁለቱን እኩል እርጥብ አድርጌ፣ የሚገናኙበትን በሹካ ጫር ጫር አድርጌ፣ ውሃ የበዛበት ቀጭን ጭቃ እቀባና ነው የምለጥፈው።

ለውፍረቱ ደግሞ ከጭቃው ግራና ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች አስቀምጣለሁ። መዳመጫው እነሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ዓይን አያስፈልገውም። ግድግዳውን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ይዤ ዙሪያውን እሄዳለሁ። የሚገርመው፣ ዓይኔን ስጨፍን ነው በደንብ የሚሰማኝ። የቀረችኝ እይታ ትረብሸኛለች።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት አብሮን የሚማር አንድ ደግ ሰው «ቆይ ላስተካክልልሽ» ብሎ የኩባያዬን አፍ አለሰለሰልኝ። አመሰገንኩት። ሲሄድ ጠብቄ አፈረስኩትና እንደገና ሠራሁት፣ ምክንያቱም ያ የእሱ ጣት ነው፣ የእኔ አይደለም። የምፈልገው እርዳታ «ስፖንጁ ከቀኝ እጅሽ አንድ ስንዝር ወደፊት ነው» የሚል ነው። ዕቃ አጥቦ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ግማሽ ሰዓቴን ይበላል። በፈረንጆቹ 2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30፣ የፈጠራና የኪነ ጥበብ አቅማችንን ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም ብልጽግና እንድናውለው ዕድል ይሰጠን ይላል። ደስ ይላል። እኔ ለጊዜው ስፖንጁ ቦታው ላይ ቢገኝልኝ ይበቃኛል።

ቀጥሎ ክዳን ያለው ዕቃ ልሞክር ነው። ክዳኑና ዕቃው አብረው ካልደረቁ አይገጥሙም። የአፉን ስፋት በጣት ብቻ የምትለኩ ካላችሁ እንዴት እንደምታደርጉት ንገሩኝ፣ እኔ ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ነው፣ ገመዱ ግን ሲረጥብ ይለጠጥብኛል።