«አብዩስ» ሁልጊዜ «ጥቃት» አይደለም

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ባሉ የትርጉም ቤቶች የሚያልፉ የሕክምና ማስረጃዎች፣ የፍርድ ቤት ወረቀቶችና የድርጅት ሪፖርቶች ላይ «አብዩስ» (abuse) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግሞ ይመጣል። የብዙ ተርጓሚ እጅ ወዲያው የሚሄደው ወደ «ጥቃት» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሰነዱን ሐሳብ ያበላሻል፣ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደውን ሰውም ይጎዳል።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «መጠቀም» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን ከፊቱ የተቀጠለው ክፍል ከአግባቡ መውጣትን ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ከአግባብ ውጭ የተያዘው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሥልጣን ከሆነ መልሱ በሕጋችን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «በሥልጣን አላግባብ መገልገል» ይለዋል። ሌላ መፈልሰፍ አያስፈልግም።

ከሐኪም በመጣ ወረቀት ላይ «ሂስትሪ ኦፍ አልኮሆል አብዩስ» የሚል ቢገኝ «የአልኮል ጥቃት ታሪክ» ማለት ትርጉም የለውም። «አልኮል ጉዳት በሚያስከትል መጠን ይጠጣ ነበር» ቢባል አንባቢው ይረዳዋል። «ሱሰኛ ነበር» ማለት ደግሞ ሐኪሙ ያላለውን መጨመር ነው፤ በድሮው የሕክምና አመዳደብ አብዩስና ሱስ የተለያዩ ነበሩ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለቱን በአንድ ስያሜ ስለጠቀለላቸው የወረቀቱን ቀን ማየት ይጠቅማል።

በጣም የሚያሳስበው ግን ቃሉ «ስድብ» ማለት የሚሆንበት ቦታ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሠራተኛው በጥበቃው ላይ «ሻውትድ አብዩስ» ብሎ ከጻፈ ሰውዬው ጮኾ ተሳድቧል ማለት ነው፤ እጁን አላነሳም። «በጥበቃው ላይ ጥቃት አደረሰ» ተብሎ ሲተረጎም ግን አንባቢው የሚያየው ቡጢ ነው። በዚህ አንድ ቃል የሰው እንጀራ ሊቆረጥ ይችላል። «ቨርባል አብዩስ» ለሚለውም «ስድብና ዘለፋ» ከ«የቃል ጥቃት» ይልቅ ጆሮ ይቀበለዋል።

የተበደለው ሰው ከሆነ «ጥቃት» ቦታውን ያገኛል፤ ያም ሆኖ ጥንቃቄ ይሻል። እንግሊዝኛው ብዙውን ጊዜ የሚደጋገም በደልን ያመለክታል፣ «ጥቃት» ግን አንድ ቀን የደረሰ ነገር ሊመስል ይችላል። መደጋገሙ ከሰነዱ ግልጽ ከሆነ ግሱ ይሸከመው፦ «ጎዳት» ሳይሆን «ይጎዳት ነበር»፣ «ሲያሰቃያት ኖሯል»። ሰነዱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ካልነገረ ግን ተርጓሚው ከራሱ አይጨምር። «ፊዚካል አብዩስ»ን «ድብደባ» ማለትም ያጠበዋል፤ ማቃጠልም ማሰርም እዚያ ውስጥ ይገባል። «ሴክሹዋል አብዩስ» የሚለውን ደግሞ «አስገድዶ መድፈር» ብሎ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው፤ ያ ራሱን የቻለ የወንጀል ስም ነው። «ወሲባዊ ጥቃት» ብሎ ማለፍ ይሻላል። በከተማችን ወሬ «አቢዩዝ ተደርጋለች» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ወሲባዊውን ብቻ ስለሆነ፣ ቃል ሲቀበሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ቀስ ብሎ ባለጉዳይዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አነጋገሩም ይለያያል። ስም ሲሆን መጨረሻው «ስ» ነው፣ ግስ ሲሆን «ዝ»፤ ጫናው በሁለቱም ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቁጥር አይወስድም፤ ስለ ሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ሲጻፍ ግን በብዙ ቁጥር «አብዩሲዝ» ተብሎ ይመጣል። «ዲስአብዩዝ» የሚለው ግስ ደግሞ በደልን ማስቆም ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሰውን ከተሳሳተ ሐሳብ ማውጣት ማለት ነው።